ድሬሰር ይመር የሰጠኝ አማና

ስልኩ የጮኸው ቁርስ ቀርቦልኝ ገና አንድ ጊዜ እንኳ ሳልጎርስ ነው። ሰይድ ነበር፣ የድሬሰር ይመር የወንድም ልጅ፣ ከመካነ ሰላም። ሰላምታውን ሲያሳጥረው ቁርሱን ገፋ አደረግሁት። ወሎ ውስጥ ሰላምታ የሚያሳጥር ሰው ወይ ተቀይሟል ወይ መርዶ ይዟል፤ እኔና ሰይድ ደግሞ የተቀያየምንበት ነገር የለም።

«እትዬ ትርንጎ፣ አብሽሩ። አያ ይመር ጎህ ሲቀድ አረፉ» አለኝ።

አለቀስኩ። ሰማንያውን ያለፈ ሰው ነው፣ ከታመመም ቆይቷል፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አለቀስኩ። ሰይድ እስኪወጣልኝ ጠበቀኝና የደወለበትን ሌላውን ጉዳይ አወጣው።

«ቸግሮን ነው እትዬ። እኛ ከዙሁር ሰላት በኋላ ልንቀብራቸው እየተሰናዳን ነው። የእህታቸው ልጅ ተስፋዬ ደግሞ ወደ ቄሶቹ ልኳል። እሱም የኛ ናቸው ይላል፣ እኔም የኛ ናቸው እላለሁ። ወላሂ፣ ልባቸውን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። አንድ ቀን ግን ‹የኔ አማና ትርንጎ ዘንድ ነው› ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት አንቱ ዘንድ ነው?»

«እኔ ዘንድ ነው» አልኩት። «ግን ትንሽ ፋታ ስጠኝ። መልሼ እደውልልሃለሁ።»

«ጀነዛ አይቆይም እትዬ።»

«አውቃለሁ። ተስፋዬንም ካጠገብህ አታርቀው።»

ፋታ የጠየቅሁት ቃሉን ረስቼው አይደለም። ይመር ያን ቃል የሰጠኝ እኔም እሱም ገና ጉልበት ሳለን ነው። ሰው በዕድሜው ብዛት ሐሳቡን ይለውጣል። አደራ መብላት ነውር መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ባለቤቱ የተወውን ያረጀ አደራ ማስፈጸምም ከዚያ አይተናነስም ብዬ ሰጋሁ። ተሳስቼ ብናገር ደግሞ አፈር የለበሰን ሰው ማን ያነሳዋል? ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ከመጀመሪያው አንስቼ አሰብኩት።

ይመር አሊ የሚባልን ሰው ሌላ አገር ቢያገኙት ሃይማኖቱን ከስሙ ያነቡታል። ወሎ ውስጥ ስም አያሳብቅም። አባቱ ሙስሊም፣ እናቱ ክርስቲያን ነበሩ፤ ወንድሙ ወደ መስጊድ፣ እህቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። እሱ ወዴት እንደሄደ የሚነግራችሁ ግን አታገኙም። በመውሊድ ከድቤው አጠገብ፣ በጥምቀት ከታቦቱ ኋላ ታዩታላችሁ። አላገባም፣ አልወለደም። ሥጋ አይበላም። እኛ አገር እስላምና ክርስቲያን አብረው በልተው አብረው ጠጥተው የሚለያዩት ሥጋ ሲቀርብ ነው፤ ሥጋ የማይቀምስን ሰው ማን ይለየዋል? በፊቱ አንቱ ነበር የምለው። ብቻዬን ሳስበው ግን አንተ ይሆንብኛል፤ ይቅር ይበለኝ።

ያወቅሁት በስልሳ ስድስቱ ርሃብ ነው። ከአጅባር መጥቼ በመካነ ሰላም ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ጀምሬ ነበር። ርሃቡ ክፍሉን ባዶ ሲያደርገው እኛ አስተማሪዎቹ ወደ መጠለያው ወረድን። መጠለያው ከከተማው ግርጌ የቆመ ረጅም የቆርቆሮ ዳስ ነበር፤ ከወግዲ፣ ከማሻ፣ ከአባይ አፋፍ መንደሮች የደረሰው ሁሉ እዚያ በመደዳ ይተኛል። የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል አካሚው ይመር ነበር የሚያስተዳድረው። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፤ ከበሽተኛ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ቁጢጥ ብሎ ዓይኑን ከሰውዬው ዓይን ትክክል ያደርጋል። ቆሞ ሲያናግር አይቼው አላውቅም።

አንድ አመል ነበረው። ማንኛውም ነገር ከቦታው ሊነሳ ሲል «የነበረበትን አያችሁ?» ይላል። እኔ ከተማሪ ቤት የወጣሁ ጎበዝ ነኝና በመጀመሪያው ሳምንት የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን በፊደል ተራ ደረደርኩለት። ከፍቶ አየው። ቁልፉን እያሻሸ ቆየና «ይበል እታለም፤ እንግዲህ በሽተኛውም በፊደል ተራ ይታመምልን» አለኝ። መልሼ እንደነበረው ለማድረግ ብሞክር የነበረበትን አላየሁም ነበር። ሁለታችንም ስንፈልግ ዋልን።

በመጠለያው መጀመሪያ ሰሞን ዘሀራ የምትባል ሴት ከወግዲ በኩል ብቻዋን መጣች። ስሟን ተናገረች፣ ውሃ ጠጣች፣ አጥሚቱን ሳትጨርስ አረፈች። ከመጠለያው በስተጀርባ የውሃ ቦይ ነበር፤ ከቦዩ በላይ ሙስሊሞች፣ ከቦዩ በታች ክርስቲያኖች ይቀበራሉ። ይመር አንገቷን አየ፤ ማተብ የለም። ስሟም ዘሀራ ነው። ለሙስሊሞቹ ሰጣቸው። ሴቶቹ አጠቧት፣ ከፈኗት፣ ሰዎቹ ሰገዱባት፣ ከቦዩ በላይ አሳረፏት። ከዚህ የተሻለ ወግ በዚያ ዘመን ማንም አላገኘም።

ከቀናት በኋላ ባሏ በበትር እየተደገፈ ደረሰ። ይመር እንደ ልማዱ ቁጢጥ አለ።

«ዘሀራ የምትባል፣ ከንፈሯ ላይ ጠባሳ ያላት አልመጣችም?»

«መጥታ ነበር ወንድሜ። አርፋለች። በወጉ ቀብረናታል።»

«የት?»

ይመር በእጁ አሳየው። ሰውዬው ቦዩን አየ፣ ከቦዩ በላይ ያለውን አየ፣ ተመልሶ ይመርን አየ።

«ያ የእስላሞቹ አይደለም እንዴ?»

 ይመር የሰውዬውን አንገት ያየው ያን ጊዜ ነው። ጥቁር ማተብ አስሯል።

«እናቷ ልጅ አልቆም ብሏት ስሙን ከጎረቤት ተውሳ ነው ያወጣችላት» አለ ሰውዬው። «ክርስትናዋ ወለተ ጊዮርጊስ ነበር።»

«ማተቧስ?»

«ሕፃኗ መንገድ ላይ ሞተችብን። ገና ክርስትና አልተነሳችም። ባዶ አንገቷን አትሄድም ብላ የራሷን ፈትታ አሰረችላት። እኔ እግሬ እምቢ ሲለኝ ቅደሚ አልኳት።»

ልጆቻቸው ሲሞቱባቸው የጎረቤትን እምነት ስም የሚዋሱ እናቶች ወሎ ውስጥ ሞልተዋል። ይመር ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ራሱ የሁለቱ ቤት ልጅ ነው። እያወቀ ነው የሳተው። ሸኹንም ቄሱንም ጠራቸው፤ ሁለቱም ያረፈ አይነካም አሉ። ቄሱ ከቦዩ በታች ቆመው ወደ ላይ እያዩ ፍትሐት ፈቱላት፤ ሙስሊሞቹ መቃብር መቆፈራቸውን ትተው ቆሙ። ይመር ከወጥ ቤቱ የተሰበረ የወፍጮ መጅ ተሸክሞ ወጣና ራስጌዋ ላይ አቆመው።

ባሏ ሊሄድ ሲል «ሰዎቹስ ደጎች ናቸው፣ ጎረቤቶቻችን ናቸው» አለ። «ግን እዚያ መሃል እሷ ብቻዋን ናት።»

ተቆጥቶ ቢሳደብ ይመር ይቀለው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥጋ አልቀመሰም።

በማግስቱ አዲስ ሥርዓት አወጣ። ወደ መጠለያው የገባ ሰው አጥሚት ቀምሶ አፉ እንደተፈታ በቀኙ ለተኛው ሰው አማናውን ይነግራል፤ ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚጾም፣ ክፉ ቀን ቢመጣ የት እንደሚያርፍ። ዝም ያለ ሰው በመጠለያው የጋራ ደንብ ይስተናገዳል። የተናገረ ሰው ግን ቃሉ ከደንቡ ይበልጣል። አማና የያዘ ሰው ሲደክም ቃሉን ይዞ አይሄድም፤ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል።

ጠዋት ጠዋት ይመር ሲዞር በሽተኛውን ስለ ራሱ አይጠይቀውም። ቁጢጥ ብሎ «ያንተ ሰው ማነው?» ይለዋል።

«የኔ ሰው አሚናት ናት። የማሻ ናት። ወተት አይስማማትም። ልጇ አጅባር ገበያ ላይ ጠፍቶባታል፣ ሀሰን ይባላል። ከቦዩ በላይ።»

«ያንቺስ?»

«ደሳለኝ ነው። ሑዳዴ ነውና ወተት ያለበትን አታምጡበት። ቀኝ ጆሮው አይሰማም። ከቦዩ በታች።»

ራሱን ቀና ማድረግ የማይችል ሰው የጎረቤቱን ስም ሲጠሩበት ዓይኑን ይገልጣል። እኔ በተማሪ ቤት አመሌ ሁሉንም ልጻፈው አልኩት። «ጻፊው እታለም፣ አልከለክልሽም» አለኝ። «ወረቀቱ ግን ጎኑ ያለው ሰው ሲያቃስት አይሰማም።» አላሳምረውም፤ ብዙ ሰው ሞቶብናል። ሳይታወቅ የተቀበረ ግን ከዚያ ወዲህ አልነበረም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ንጉሡ መውረዳቸውን በሬዲዮ ሰማን፤ ሳይቆይ አዲስ አስተባባሪ ከአዲስ አበባ ተላከልን። ወጣት ነው፣ እንቅልፍ የለውም፣ ለሕዝቡ ከልቡ ያዝናል፤ ይህን ብክድ ሐሰት ነው። ችኩል ነበር እንጂ። «እዚህ እስላምና ክርስቲያን የለም፤ የተራበ ሕዝብ ብቻ ነው ያለው» ብሎ ሰዉን በየመጣበት ወረዳ እንደገና እንድናስተኛ አዘዘ። ነገውኑ ይፈጸም አለ። እኔ ደሜ ፈላ። ይመር ግን አልተከራከረም።

«ይሁን ጌታው። ግን ከመነቅነቃችን በፊት የነበረውን እንያዝ። አንድ ቀን ይስጡን።»

«ምኑን ነው የምትይዙት?»

ይመር ዓይናቸው ወደማያይ ወደ እማማ ጦይባ ወሰደው። «የርስዎ ሰው ማነው እማማ?» አላቸው። የጎረቤታቸውን ነገር ከመንደሯ እስከ ቀብሯ ሳያጓድሉ ተናገሩ። ሲጨርሱ ፊታቸውን ወደ አዲሱ ድምፅ አዞሩ።

«ያንተስ ልጄ፣ አማናህ ማን ዘንድ ነው?»

አስተባባሪው ወደ ቀኙ ዞሮ አየ። ቀኑን ሰጠን። ያን ቀን ዳሱ ሲያጉረመርም ዋለ፤ መሄድ የቻለው የያዘውን አማና ወደ ባለቤቱ አዲስ ጎረቤት ራሱ እያደረሰ፣ ያልቻለው በእኛ አፍ እየላከ። አመሻሹ ላይ አስተባባሪው ራሱ ከወጥ ሠሪያችን አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ዝግ ባለ ድምፅ ሲነግራት አየሁት። ምን እንዳላት አልጠየቅሁም።

በዚያው ዓመት ተስቦ ገባና ከሠራተኞቹም ይወድቁ ጀመር። ይመር «እኛም ሰዎች ነን» አለና በሥራ መሃል ያረፍንባት የክሊኒኩ አግዳሚ ላይ በቀኙ የተቀመጥኩት እኔ ስለሆንኩ ለእኔ ነገረኝ። እኔም የራሴን ነገርኩት። ተስቦው ሁለታችንንም አለፈን። ቃሉ ግን በየቤታችን ቀረ።

ዓመታት ሄዱ። ደሴ ተዛወርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ጡረታዬ ሲቃረብ ትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር ገባ፤ ማን ያስተምር ሲባል የሒሳብ አስተማሪ ነኝና እኔ ላይ ወደቀ። ሥልጠና ላኩኝ። ሌላው ሁሉ ሲገባኝ አንድ ነገር አልገባ አለኝ፤ ስርዓተ ክወናው፣ ማሽኑን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ቅንብሮቹን የት ነው የሚያስቀምጣቸው? የፊደሉን መጠን እለውጣለሁ፣ የጀርባውን ሥዕል እለውጣለሁ፣ መብራት ይጠፋል፤ ደሴ ነውና በደንብ ይጠፋል። ሲመለስ የለወጥኩት እንደለወጥኩት ይጠብቀኛል። አሠልጣኙ ሬጅስትሪ የሚባለውን ጓዳ ከፍቶ አሳየን። በአንድ ቅርንጫፍ ማሽኑን በሙሉ የሚመለከተው ደንብ አለ፤ በሌላው እያንዳንዱ ተጠቃሚ ለራሱ የመረጠው። ሰውዬው በስሙ ሲገባ ማሽኑ የሱን ያነባል፤ ምንም ያላለ እንደሆነ ነባሪው፣ አስቀድሞ የተቀመጠው የጋራ ደንብ፣ ይሠራል። «የማታውቁትን አትሰርዙ። ማሽኑ ሊነሳ እምቢ ይላችኋል። ከመለወጣችሁ በፊት የነበረውን ቅጂ ያዙ» ሲለን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ግን ይህን ትምህርት መካነ ሰላም ላይ ጨርሼዋለሁ፤ ያልገባኝ መስሎኝ የተሰቃየሁት በከንቱ ነው።

ይመር ለዓይኑ ሕክምና ደሴ ሲመጣ ኮምፒዩተር ክፍሌ ድረስ ጎበኘኝ። ቁጢጥ ማለት አቅቶታል፤ ወንበሩን ስቦ ዓይኑን ከስክሪኑ ትክክል አደረገ። ጓዳውን ከፍቼ አሳየሁት።

«ጋሼ ይመር፣ ፊት ለፊት የሚነኩት መስኮት በር ብቻ ነው። ነገሩ የሚቀመጠው ከበስተኋላ፣ ዲስኩ ላይ ነው።»

«ሲጠፋስ?»

«ለጊዜው የያዘውን ይረሳል። ዲስኩ ላይ ያለውን አይረሳም፤ ሲነሳ ከዚያ ያነበዋል።»

«የቤቱ ደንብና የሰውዬው ቃል ቢጣሉስ?»

«የማሽኑ አስተዳዳሪ የቆለፈው ካልሆነ የሰውዬው ቃል ይበልጣል።»

ደስ አለው። አገጩን ሲያሽ ቆየና «ሰውዬውስ ባይመለስ?» አለኝ።

ከተጠቃሚዎቹ መሃል አንድ ስም አሳየሁት። ያረፈ ባልደረባችን የመምህር ጌታቸው ነው። ዓይኑ ደካማ ስለነበር ፊደሉን ሁሉ አተልቆት ነበር፤ በስሙ ስር ያለው እስከዚያን ቀን ድረስ በትልቁ ተቀምጧል።

«ለምን አልሰረዝሽውም?»

«ብዙ ቦታ አልያዘም ብዬ ነው» አልኩት። ሰበብ መሆኑ ገብቶታል።

«አትሰርዢው እታለም።»

ሊወጣ ሲል በሩን ይዞ ቆመ። «የኔስ አለ?»

«አለ» አልኩት።

«እንደነበረ ነው። አልነካሁትም» አለኝና ወጣ።

ስልኩን ጭኔ ላይ ይዤ የፈለግሁት ይህን ነበር። ያረጀ አደራ ይዣለሁ ብዬ ስሰጋ ለካ ባለቤቱ በገዛ አፉ አድሶልኛል። ደወልኩ። ሰይድ ለተስፋዬም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው፤ ከኋላ የለቅሶኛ ጫጫታ ይሰማል።

«ልጆቼ፣ በተስቦው ጊዜ የነገረኝ ይህ ነው» አልኳቸው። «‹እምነቴን ጌታዬ ያውቀዋል፤ አንቺ የምትይዢው ቦታዬን ነው። ከቦዩ በላይ፣ ከዘሀራ አጠገብ አኑሩኝ። ብቻዋን ናት።›»

«ዘሀራ ማናት?» አለ ተስፋዬ።

ነገርኳቸው። የሷን ማተብ፣ የባሏን ቃል፣ መጁን። 

«መጁን አውቀዋለሁ» አለ ሰይድ። «መጠለያው ዛሬ ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ መጁ ግን አለ። አያ ይመር በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ኖራ ይቀቡት ነበር። እኛ የክሊኒኩ ወሰን ድንጋይ ይመስለን ነበር።»

«ከቦዩ በላይ እኮ የእስላሞቹ ነው እትዬ» አለ ተስፋዬ። «ቄሶቹን ምን ልበላቸው?»

«ያን ጊዜ ቄሱ ከቦዩ በታች ቆመው ነው የፈቱላት። ቦዩ ከዚያ ወዲህ አልሰፋም።»

ከሰዓት በኋላ ሰይድ መልሶ ደወለ። ሙስሊሞቹ ሰግደውበታል፤ ቄሶቹም ከቦዩ በታች ቆመው የበኩላቸውን አድርሰዋል። ተስፋዬ ቦዩን ተሻግሮ አፈር ሲመልስ ውሏል። መጁን ከሁለቱ መቃብር መካከል አዛውረው አቁመውታል፤ ለሁለቱም ይበቃል ብለው።

«የነበረበትን አይታችኋል?» አልኩት።

«አይተናል እትዬ» አለኝ። ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ።

ልሰናበተው ስል ነው አንድ ነገር ያስደነገጠኝ። እኔ የይመርን ስይዝ የኔን የያዘው ይመር ነበር። ዛሬ አፈር ገባ። ዕድሜዬን ሁሉ የሌላ ሰው ቃል ስጠብቅ የራሴ ከማን ጋር እንደሄደ አላሰብኩም።

«ሰይድ፣ አትዝጋው። የኔ አማና አጎትህ... አያ ይመር ዘንድ ነበር። አሁን ለማን...»

«እኔ ዘንድ ነው» አለ ሰይድ።

«ምን አልክ?»

«ሲደክማቸው ጊዜ ጠርተው ነገሩኝ። እንዲህ አሉ፦ ‹የኔ ሰው ትርንጎ ናት። የአጅባር ልጅ ናት። በጾም ዓሣ እንኳ አትቀምስም። ነጎድጓድ ትፈራለች፤ ሲያጉረመርም ብቻዋን አትተዋት። ከእናቷ አጠገብ።› እንደነበረ ነው እትዬ፣ ወይስ ለውጠውታል?»

እንባዬ አላናግር አለኝ። ሰይድ ጠበቀኝ፤ እሱም እንደ አጎቱ መጠበቅ ያውቃል።

«እንደነበረ ነው» አልኩት።